የመስቀል ወፍ ያልታየበት ማክሰኞ

ቢቸና ውስጥ ያለ ደመወዝ ወፍ የሚቆጥር ነጋዴ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሳቁብኝ። ይሳቁ። የሚስቁብኝ ሱቄ በራፍ ላይ ቆመው ስለሆነ ቢያንስ ጨው ገዝተው ይሄዱ ነበር።

ነገሩ የጀመረው አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከሱቄ ፊት ለፊት ያለውን ረግረግ መስክ ልታይ መጥታ ዝናብ በረንዳዬ ላይ ሲያግታት ነው። የመስቀል ወፍ መቼ ቀይ እንደሚሆን የሚመዘግብላት ሰው ትፈልጋለች።

"መቼ እንደሚመጣ ማለትሽ ነው?" አልኳት።

"አይመጣም፣ ጋሼ። መቼ ሄደና! በበጋ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆኖ እፊትዎ ሲለቅም ይከርማል። ክረምቱ ሣሩን ሲያሳድገው ወንዱ ቀይ ይለብሳል።"

ዕድሜዬን ሙሉ በእንግድነት የተቀበልኩት ለካ ጎረቤቴ ኖሯል።

ዝናቡ ሲዘገይ፣ ሙቀቱም ሲጨምር ወፉ ቀኑን ይለውጥ እንደሆነ ማወቅ ትሻለች። ለዚህ የአንድ ሰው ዓይን አይበቃም፤ በየከተማው ዓመት ከዓመት የሚያይላት ያስፈልጋታል። ሥራው በየማክሰኞው ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቁ ቀይ የለበሱትን ቆጥሮ መጻፍ ነው። ተቀምጦ ምንም ያላየ ዜሮ ይጽፋል፤ ጭራሽ ያልተቀመጠ ሰረዝ። መነጽር ልስጥዎ ብትለኝ ሳቅሁ። እኔ ከገበያው ማዶ ቆሜ የማን ማኛ ጤፍ ሰርገኛ እንደተቀላቀለበት የምለይ ሰው ነኝ።

በመጀመሪያው ዓመት ግን አጭበረበርኩ። ጥቅምት ላይ አንድ ማክሰኞ ማር ልገዛ ሞጣ ሄድኩና፣ ሰረዙ ሰነፍ እንዳያስመስለኝ "አሥራ አራት" ብዬ ሞላሁት። ባለፈው ሳምንት አሥራ ሦስት ስለነበሩ አንድ ምርቃት ጨመርኩ። ሞጣ ላይ ደግሞ እንደኔው የሚቆጥርላት የጨርቅ ነጋዴ አለ። ለካ በዚያን ቀን እሱን ልትጠይቅ ሄዳ ኖሮ ማር ተራ ውስጥ ስከራከር አይታኛለች። ወሩ ሲያልቅ መጥታ ደብተሬን ስታገላብጥ አልተቆጣችም። የወሩን ገጽ ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው።

"ኧረ ሦስቱ ማክሰኞዎች እውነት ናቸው!" አልኳት።

"የትኞቹ እንደሆኑ እኔ በምን አውቃለሁ፣ ጋሼ?"

ያንገበገበኝ ልክ መሆኗ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድም ማክሰኞ ሳልዋሽ ዓመታት አለፉ። በአንዱ ዓመት ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፤ ነሐሴ ሲያልቅ እንኳ የመስኩ ሣር ከቁርጭምጭሚት አላለፈም። መስቀል ማክሰኞ ዋለ። ጠዋት በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ሰዓቱን ጨረስኩ። ቡናማዎቹ ነበሩ፤ ቀይ ግን አንድም አልነበረም። ዜሮ ብዬ ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ የዕድራችን ዳኛ ሁለት ሦስት ሰው አስከትለው በረንዳዬ ላይ ወጡ።

"ስንት አየህ?"

"ዜሮ።"

"የመስቀል ወፍ? በመስቀል ቀን?"

"ሣሩ ለበዓሉ አልደረሰለትም፣ አባቴ።"

"የሰው ሆዱን፣ የወፍ ወንዱን ማን ያውቃል ሲባል አልሰማህም?"

"የወፉን ወንድ እንኳ አውቄዋለሁ። የቀረኝ የሰው ሆድ ነው።"

የተከተሏቸው ሳቁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ጤፉ በቡቃያው ሳለ ዝናቡ ቢያቋርጥ ምን እንደሚከተል አይተዋል፤ ክፉ ዘመን ደግሞ ወረቀት ላይ ሲሰፍር የተጠራ ይመስላቸዋል።

"አንዲት ወፍ ብትጨምር ማን ይሞታል? ክፉ አትጻፍብን!"

"ክፉ አልጻፍኩም። ያላየሁትን አላየሁም ነው ያልኩት።"

"እኔ ማሳዬ ዳር አንድ ቀይ አይቻለሁ።"

"እንግዲያው ደብተር ላምጣልዎ፤ የእርስዎን እርስዎ ይጻፉ። እኔ የማየው ከዚህ በርጩማ ላይ ሆኜ ነው።"

"እንግዲህ የሞትህ ለት ወፎቹ ይቅበሩህ!"

ይህ ከዕድር ዳኛ አፍ ሲወጣ ቀልድ አይደለም። እኔም ፈራሁ፣ አልዋሽም፤ ደብተሩ ጭኔ ላይ ነው፣ ዜሮን አንድ ለማድረግ ላጲስ እንኳ አያስፈልግም፣ በላዩ ቀጥ ያለ መስመር ማውረድ ይበቃል። ግን የዛሬዋን አንድ ብጨምር፣ የስንት ዓመት ማክሰኞዎቼን ማን ያምንልኛል?

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ተመራማሪዋ ናት፤ በየበዓሉ እንኳን አደረሰዎ ሳትለኝ አትውልም።

"እንኳን አብሮ አደረሰን" አልኳት።

"ጋሼ፣ በዓል ስለሆነ ምናልባት ዛሬ አልተቀመጡ ይሆናል ብዬ ነው። ሰረዝ ልበለው?"

ሰረዝ! መውጫ በር ተከፍቶልኛል። አዎ ብል ዳኛው ይታረቁኛል፣ እሷም አትጠረጥርም። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው። ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

"ተቀምጫለሁ! ሰዓቱን ሙሉ ተቀምጫለሁ። ዜሮ ነው።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ዜሮ አልኩሽ እኮ!"

"እሺ፣ ጻፍኩት።"

ዳኛው ጋቢያቸውን ሰብስበው ደህና ዋል እንኳ ሳይሉኝ ወረዱ። በሳምንቱ፣ ማክሰኞ በአንድ ሰዓት፣ እዚያው በርጩማ ላይ ነበርኩ። አሁንም ዜሮ። እሱንም ጻፍኩ።