የከሰሉ መስመር

ለልጅ ልጄ ምሳ ይዤለት አብነት ሰፈር ወዳለው ጋራዥ ብሄድ፣ ከመኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ አገኘሁት። የዘይቱ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ሳላስበው ጎንበስ ብዬ መኪናውን ያነሳበትን ክሪክ አየሁ። የከሰል መስመር የለበትም።

በጣሊያን ጊዜ አባቴ ልደታ ውስጥ ካሚዮን ይጠግን ነበር። ክሪኩ ዘይት ሲያፈስ ለማሸጊያ የሚሆን ቆዳ በልኩ ቆርጦ፣ ዘይት አጠጥቶ ይቀይርለታል። ከዚያ ካሚዮኑን ያነሳና ከክሪኩ በወጣው ብረት ላይ በከሰል ያሰምራል።

"ጠብቂልኝ፤ መስመሩ ወደ ውስጥ ከገባ ካሚዮኑ እየወረደ ነውና ንገሪኝ። ዘይት ቀዳዳ ካገኘ ማንንም ይከዳል" ይለኛል።

አንድ ቀን ካሚዮን ያመጣው የጣሊያን ወታደር አጎቴን ከቤታችን እየጎተቱ ከወሰዱት አንዱ ነበር። መልኩን አልረሳሁትም። ቸኩሎ ራሱ ከሥር ገባ።

"ወረደ እንዴ?" አለኝ አባቴ፣ መፍቻ እየፈለገ።

መስመሩ ግማሹ ወደ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል።

"አልወረደም አባዬ።"

መጣ። መስመሩን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ወፍራም ግንድ ከካሚዮኑ ሥር አስገባ። ካሚዮኑ ቀስ እያለ፣ ድምፅ ሳያሰማ ወርዶ ግንዱ ላይ አረፈ። ወታደሩ ሥራውን ጨርሶ እያፏጨ ወጣ።

አጎቴ አልተመለሰም። አባቴም እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልጠየቀኝም።

"እማማ፣ ምን እያዩ ነው?" አለኝ የልጅ ልጄ ከመኪናው ሥር።

"እንጨት አስገብተሃል?"

"ኧረ አይወርድም፣ እማማ!"

እኔም ያን ቀን እንዲሁ ነበር ያልኩት።