ኦቦ ዲንቃ ኪስ ውስጥ የቀረው ፊት

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሱሉልታ ሄዳ ልትስል ስትሰናዳ፣ ቦርሳዋን አልጋዬ ላይ ዘርግፋ «የሚያስፈልገኝን ምረጪልኝ» አለችኝ። የቀለም ሳጥኑን፣ ብሩሾቹን፣ ታጣፊ ወንበሩን ወደ ጎን አደረግኩ። ደብተር፣ ሁለት እርሳስና መቅረጫ ቀሩ።

«ላጲሱስ?» አለችኝ።

«እሱን ያዢ» አልኳት። ምክንያቱን አልነገርኳትም።

በእሷ ዕድሜ የሥዕል ተማሪ ነበርኩ። አስተማሪያችን ውጭ የሚስል ሰው ዕቃ አያብዛ ይሉን ነበር። እኔ ደግሞ ብሶብኝ ላጲስ መያዝ የሰነፍ ሥራ መሰለኝ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ትንሽ ደብተር፣ አንድ እርሳስና ጥቂት ቆሎ ይዤ ቡራዩ ከአውቶቡስ ወረድኩና በእግሬ ወደ ገፈርሳ አቀናሁ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ዛሬ ፎቅ የተደረደረበት ሁሉ ያኔ የገብስ ማሳ ነው።

ውሃው ዳር ተቀምጬ ስስል አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመው ብዙ አዩኝ። ኦቦ ዲንቃ እንደሚባሉ በኋላ ነው የሰማሁት።

«የሰው ፊትም ትስያለሽ?»

«እሞክራለሁ፣ አባቴ።»

«ልጄ ንጋት ላይ አረፈች። ፎቶ የላትም። ሳትቀበር ድረሽልኝ።»

ተከተልኳቸው። ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቷል። ጫልቱ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ሳምንት ያልሞላ ትኩሳት ነው የወሰዳት። እናቷ ነጠላውን ከፊቷ ገለጡልኝ።

«ዓይኗን ክፈቺልኝ» አሉ አባትየው። «ተኝታ አልፈልጋትም።»

ዓይኗን አይቼው አላውቅም። እናትየውን ጠየቅኩ። «ትልቅ ነው፤ ስትስቅ ይጠብባል» አሉኝ። ሳልኩ። ግራ ዓይኗ ተበላሸብኝ። ላጲስ ስላልያዝኩ በአውራ ጣቴ ሳሸው ጠቆረ፤ የተመታች መሰለች። ሌላ ገጽ ስገልጥ ሰዎች ገቡ፤ ቄሱ ደርሰዋል፣ አስከሬኑ ይነሳ ተባለ። ሸፈኗት።

እናትየው ወረቀቱን አዩት። «ቱን ኢንተላ ኮ ሚቲ» አሉ። ይቺ ልጄ አይደለችም ማለታቸው ነበር፤ ያን ያህል ኦሮምኛ አውቃለሁ። ኦቦ ዲንቃ ግን ከደብተሩ ገንጥለው፣ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

በዓመቱ አስተካክዬ ልስላት ተመልሼ ሄድኩ። ወረቀቱን ከዚያው ኪስ አወጡት፤ እጥፋቱ አፍንጫዋ ላይ ተሰንጥቋል።

«ስለ መልኳ ይንገሩኝ፤ እንደ አዲስ ልሳላት» አልኳቸው።

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። «ጠፋብኝ፣ ልጄ። ሳስባት የሚመጣልኝ ይሄው ያንቺው ነው።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ፎቶ የሌለው ሰው የሚወደውን መልክ በልቡ ብቻ ይዞ ይኖራል፤ እኔ እዚያ ገብቼ የእሷን አውጥቼ የእኔን ስህተት ተከልኩበት። ይቅርታ የምጠይቅበት ክስ እንኳ የለም፤ እሳቸው አመስግነውኛል።

ዛሬም ዛፍና ተራራ እስላለሁ። የሰው ፊት ግን ከዚያ ወዲህ ስዬ አላውቅም። የእህቴ ልጅ ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ዓይኔ ደክሟል እላታለሁ።