እትዬ ድገሙና እሺ ባይዋ ልጅ

ከዚህች ሴት ማምለጫ የለኝም። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ድምጿን በግድግዳው በኩል እሰማለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ አውሮፕላን ውስጥ፣ በጆሮ ማዳመጫዬ። እኔ የበረራ አስተማሪ ነኝ። እሷ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ናት፤ ማማው ላይ ተቀምጣ ማን እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚወርድ፣ ማን ወዴት እንደሚታጠፍ በሬዲዮ ታዛለች። ዕድሌ ሆኖ ጎረቤቴም ናት።

እውነተኛ ስሟን ከደመወዝ ክፍል በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ሁላችንም እትዬ ድገሙ ነው የምንላት። አብራሪ የታዘዘውን ቃል በቃል ካልመለሰላት አትለቀውም። «ድገሙ!» ትላለች። የደገመው ካልጣማት፣ «አሁንም ድገሙ!» ቤቷም ያው ነው። ባሏ ሱቅ ሲላክ በሩ ላይ ቆሞ «ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ አምፖል» ብሎ ሳይደግም አይወጣም። አንድ ቀን ምስኪኑ ሳሙናውን ዘለለና ከደረጃው ላይ አስመለሰችው።

የእህቷን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምራ ያሳደገቻት እሷ ናት። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ጨዋነቷ በዝቶ ነው የተቸገርነው። አክስቷ ምንም ብትላት፣ መልሷ «እሺ» ነው። ጭራሽ ስትፈራ ደግሞ እሺም አትልም፤ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች። እቤት ይሄ አዎ ማለት ነው። ሬዲዮ ላይ ግን የሚሰማው ነገር የለም፤ ቢሰማም ነፋስ ይመስላል።

እንግዲህ ይህቺ ልጅ ናት አብራሪ ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ ብላ እኔ ዘንድ የመጣችው። እጇ ወርቅ ነው። በመሣሪያ ብቻ የመብረር ትምህርት ላይ ደረስን። ውጭውን እንዳታይ ሰፊ ጥላ ያለው ቆብ ይደረግላታል፤ የሚቀራት የመለኪያዎቹ መርፌዎችና የተቆጣጣሪዋ ድምፅ ብቻ ነው። መርፌዎቹን እንደ ቤቷ ዕቃ ታውቃቸዋለች። ችግሩ ድምፁ የአክስቷ መሆኑ ነው። «ወደ ቀኝ ታጠፉ» ስትባል «እሺ» ትልና ወደ ግራ ትታጠፋለች፤ አልሰማችማ! አልሰማሁም ማለት ነውር መስሏት ነው።

መሬት ላይ አስቀምጬ ጮህኩባት።

«ይሄ እሺ ምን ማለት ነው? ሰማሁ ነው? ገባኝ ነው? አደርገዋለሁ ነው? ወይስ ተዉኝ ነው?»

«እሺ ጋሼ» አለች።

ጸጉሬን ነጨሁ፤ እሱም ብዙ አልቀረም።

«ስሚኝ። ከሰማሽ የተባልሽውን ድገሚ። ካልሰማሽ ድገሙልኝ በይ። ትዕዛዙ አደጋ ላይ የሚጥልሽ ከሆነ ደግሞ አልችልም በይ። አልችልም ስድብ አይደለም፤ ለአብራሪ ሁሉ የተፈቀደ ቃል ነው።»

«ለእሷ?»

«ለእሷ!»

«ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ብለዋት ያውቃሉ?»

ወሬውን ቀየርኩ።

በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ትዕግሥቱ አለቀ። አንድ የመመዘኛ በረራ ፈቀደላት፤ በዚያ ከሬዲዮው ጋር ካልተግባባች ትሰናበታለች። መዛኙ እኔ ነኝ። አደጋ ካልመጣ በቀር አንድ ቃል መተንፈስ፣ መሪ መንካትም አይፈቀድልኝም። ዝም ማለት ለኔ ምን ያህል እንደሚከብደኝ የሚያውቀኝ ያውቀዋል።

ቀኑ ብራ ነበር። እሷ ከቆቡ ሥር መርፌዎቿን፣ እኔ በመስኮቱ ከፊታችን ያለውን ኮረብታ እናያለን። ሌላም የሥልጠና አውሮፕላን አየር ላይ ነበር። የኛ መጠሪያ ሦስት ዘጠኝ፣ የእሱ ዘጠኝ ሦስት። ይህን ያወጣውን ሰው ባገኘው የምነግረው አለኝ። ዘጠኝ ሦስት ኮረብታውን አልፎ ወደ ማረፊያው እየቀረበ ነው፤ እኛ ገና አላለፍነውም።

«ሦስት ዘጠኝ፣ ወደ ሁለት ሺህ ጫማ ውረዱ» አለች እትዬ።

ለዘጠኝ ሦስት የታሰበውን ምላሷ ገልብጦት ነው። ኮረብታው ጋ ከአራት ሺህ ጫማ በታች መውረድ ክልክል ነው፤ ልጅቷ ጉልበት ላይ ያለው ካርታም ይህንኑ ይላል። ዞር ብዬ አየኋት። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። አለቀ፣ አልኩ በልቤ። እጄን ወደ መሪው አስጠጋሁ። ለአውሮፕላኑ አልፈራሁም፤ ኮረብታው ሩቅ ነው። የፈራሁት ለእሷ ነው፤ መሪውን ከነካሁ ነገሯ አበቃ ማለት ነው።

«ሦስት ዘጠኝ፣ ድገሙ!»

«አልችልም» አለች ልጅቷ። በዚያም አላቆመችም። «ሦስት ዘጠኝ ነን። አራት ሺህ ላይ ነን፣ ኮረብታው ከፊታችን ነው። ትዕዛዙ ለኛ ነው? ድገሙልኝ።»

እትዬ ድገሙን ድገሙልኝ ያላት ሰው፣ እኔ እስከማውቀው፣ አልነበረም። ቆይቶ ያ የሚያንቀጠቅጠን ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ።

«እሺ» አለች።

ወዲያው ደግሞ ተስተካከለች። «ስህተቱ የኔ ነው። ሦስት ዘጠኝ፣ አራት ሺህ ላይ ቆዩ። ዘጠኝ ሦስት፣ ወደ ሁለት ሺህ ውረዱ።»

«አራት ሺህ ላይ እንቆያለን፣ ሦስት ዘጠኝ» አለች ልጅቷ ጥርት አድርጋ። እኔ ፀሐዩ በረታ ብዬ ጥቁር መነጽሬን አደረግኩ።

አለፈች። ስንወርድ እትዬ ስህተቷን ራሷ ለአለቃዋ ተናግራ፣ ወንበሯን ለተረኛ ትታ፣ በሩ ላይ ትጠብቀናለች። ልጅቷ ስታያት ያ ሁሉ ድፍረት ጥሏት ሄደ፤ ከኋላዬ ተሸጎጠች።

«ማን ነው እምቢ ማለት ያስተማረሽ?»

ልጅቷ በጣቷ ወደኔ ጠቆመች። እኔ ጫማዬን አያለሁ።

እትዬ ግን ዞራም አላየችኝ። «እዚያ ላይ አንድ ቃል ብለሽኛል» አለቻት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እንደገና ልስማው። ድገሚ።»

ልጅቷ ከኋላዬ ወጣች። አክስቷን ፊት ለፊት አየቻት።

«አልችልም» አለች።

ደገመችላት ይሁን እምቢ አለቻት፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እትዬም አልጠየቀችም። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። መሬት ላይ ነበርንና ሁለታችንም ሰማናት።