መብራት ሲመለስ ቀድሞ የተነሣው ሰርቨር

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው፣ ደሴ ባለው ኢንተርኔት ቤታችን ሁለት ሰርቨሮችን ማወዳደር ነበር። እኔ ለአንዱ በገንዘብ የሚሸጠውን ሲስተም መረጥኩ፤ እሱ ለሌላው ነፃውን ሊኑክስ። መብራት በሄደ ቁጥር ደንበኛ ይሸሸን ስለነበር፣ መብራት ሲመለስ ቀድሞ የሚነሣው ለቤቱ እንዲቀር ተስማማን።

መብራቱ እንደ ልማዱ ሄደ። ሲመለስ፣ የእሱ ወዲያው ሥራ ጀመረ፤ የእኔ ገና ዲስኩን ይፈትሻል።

«ወይዘሮ፣ ያንቺው ቁርስ ካልቀረበለት አይነሣም እንዴ?» አለኝ።

«ያንተው ሻጭ የለው፤ ሲበላሽ ማንን ልትጠራ ነው?»

«አንቺን ነዋ። ነይ ቁጭ በይ፣ ላሳይሽ።»

ከጎኑ ተቀምጬ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ጻፍኩ፤ ሰርቨሩ በታዘዘኝ ቁጥር እንደ ልጅ እስቅ ነበር። በሳምንቱ ባለቤቴ አረፈ።

አሁን የደሴና የኮምቦልቻ ኢንተርኔት ቤቶች ሊኑክሳቸው ሲበላሽ እኔን ይጠራሉ፤ ሄጄ እጠግናለሁ።