«አትግዙት» ያለን ሻጭ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ብሌን መኪና ለመግዛት፣ እዚህ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ ወደምትባለው ከተማ ይዛኝ ሄደች። ይዛኝ ሄደች የምለው ለክብሬ ነው እንጂ እሷስ ብቻዋን ልትሄድ ነበር፤ እኔ ነኝ «ያለ እኔ መኪና አይገዛም» ብዬ የተለጠፍኩባት። ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን ትልቁን ድልድይ እስክንሻገር ድረስ የምትፈልገውን ስትዘረዝርልኝ ነበር። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጎማው ወፍራም፣ አራቱም እግሩ የሚጎትት፣ ድንጋይና ጭቃ የማይበግረው። ብሌን ነርስ ናት፤ ኑሮዋ ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት ነው። ጭቃው የት እንዳለ ብጠይቃት፣ በዓመት ሁለቴ ከጓደኞቿ ጋር ተራራ ላይ ድንኳን እንደሚተክሉ በእንግሊዝኛ አስረዳችኝ። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ እንዲህ ነው የምንግባባው።

ሁለት መኪና ነድታ ሞከረች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ አሸትታለሁ፣ ምንጣፍ እገልጣለሁ። አንደኛውን፣ ጥቁሩን፣ ወደደችው። ሻጩ የኛ ልጅ ነበር፤ ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ ቢሆነው ነው። ቢሮ ገብተን ወረቀቱ ሲዘጋጅ፣ የልጁ አለቃ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ልጁ እስክሪብቶ ሊያቀብለኝ ጎንበስ አለና፣ ፊቱ ላይ ያለውን ፈገግታ ሳያጠፋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እናቴ፣ ይህን ዛሬ አይውሰዱ» አለኝ።

«እናቴ» ማለቱ ትንሽ ቆጠቆጠኝ፤ እድሜዬ ገና ሃምሳ አምስት ነው። ያስደነገጠኝ ግን እሱ አይደለም። አለቃው ቀና ብሎ አየን። ብሌንም ዞር ብላ በእንግሊዝኛዋ «እማ፣ ምን አለሽ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ምን ብዬ እንደመለስኩ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን፣ እንደዛሬዋ ብሌን የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ሳለሁ፣ እዚያው አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ለዚሁ ነገር የመለስኩትን መልስ መናገር አለብኝ። ለልጄ እንኳን ነግሬያት አላውቅም።

ያኔ የምሠራው ሄርንደን ነበር፤ ከኤርፖርቱ አጠገብ፣ የኪራይ መኪና የሚመለስበት ቦታ። ሥራዬ የተመለሰውን መኪና ዞሬ ማየትና ጭረት ካለ መጻፍ ነው። ሰው ጭረትን እንዴት እንደሚደብቅ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ምኑን ያምናል? ጭረቱን በጭቃ ለቅልቆ የሚያመጣ አለ። የተሰበረው መብራት ላይ ሻንጣ ደግፎ ስለ አየሩ የሚያጫውተኝ አለ። የፊት ፓራውልቱ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ «ስረከበውም እንዲሁ ነበር» የሚል ከረቫት ያሰረ ትልቅ ሰው አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ተጠራጣሪነት ከመታወቂያዬ ጋር አብሮ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ደህና ነኝ» ስትለኝ እንኳን ማስረጃ ልጠይቃት ይቃጣኝ ነበር። ይህንንም እንደ ብልጠት ነበር የምቆጥረው፤ ሰው ሲያመሰግነኝ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

ታናሽ ወንድሜ ታምራት የኔ ተቃራኒ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር፤ እሱ ጠዋት ይማራል፣ ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤት ዕቃ ያጥባል። ኤሌክትሪክ ተምሮ እንደጨረሰ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ተራራ ላይ የስልክ ማማ የሚጠግን ድርጅት ሊቀጥረው ተስማማ። በተማረበት ሙያ ያገኘው የመጀመሪያ ሥራ ነው። ደስታችን ልክ አልነበረውም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፦ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ያን የተራራ መንገድ የሚወጣ የራሱን ፎር ዊል መኪና ይዞ እንዲመጣ። መኪና ከሌለ ሥራም የለም።

መምረጡ ለኔ ተሰጠ። ተሰጠ ማለቴም አሁንም ለክብሬ ነው፤ ማን ሰጠኝ፣ ራሴ ወሰድኩት።

የመጀመሪያውን ያየነው እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጡረታ የወጣ ፈረንጅ ሽማግሌ ቤት ነው። መጋቢት ነበር፤ በረዶው ቀልጦ የመንገዱ ዳር ሁሉ ጨቅይቷል። ነጭ፣ ሳጥን የመሰለ የጃፓን መኪና። ሽማግሌው በር ላይ ተቀበለን፤ ሻይ አፈላልን፤ ሚስቱ የጋገረችው የሙዝ ኬክ ቆረሰልን፤ ዘይት የቀየረበትን ወረቀት ሁሉ በፋይል አድርጎ አሳየን። ታምራት እኔን ከጎኑ አስቀምጦ ነድቶት ወጣ። ዳገቱን ቀጥ አድርጎ አወጣው፤ ከዋናው ማርሽ አጠገብ ያለችውን የፎር ዊል ረዳት ማርሽ ሲያስገባትም ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላ ገባችለት። ፊቱ በራ። እኔ ግን ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ሞተሩ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ሞተር የሚያጥብ ምን አይነት ሰው ነው? የሚደብቀው ያለው ነዋ! ዘይት የሚያንጠባጥበውን አጥቦ ጠብቆናል ብዬ ደመደምኩ። ኬኩ ራሱ በዛብኝ። ታምራት በመንገድ ላይ «ጥሩ ሰውዬ እኮ ነው» ቢለኝ፣ «ጥሩ ሰው መኪና ሲሸጥ አላየሁም» ብዬ አፉን አስያዝኩት።

በሳምንቱ አሌክሳንድሪያ ወረድን። ከትልቁ መንገድ ዳር ያለ፣ ባንዲራ በገመድ የተሰቀለበት፣ ያገለገሉ መኪናዎች መሸጫ ነው። እዚያ ግርማን አገኘነው። በዕድሜ ከኛ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ኮቱ ሰፍቶት እጁን ሊሸፍነው ደርሷል። ሲያየን በአማርኛ ሰላም አለን። አገር ቤት ፊዚክስ አስተማሪ ነበረ። የመሸጫው አለቃ ቁልፍ ሊያመጣ ገባ ሲል፣ ታምራት ጠይቆት ስለ ቤተሰቡ አጫወተን፤ ሚስቱና ሁለት ሴቶች ልጆቹ ሊመጡ ጉዳያቸው መጨረሻው ላይ ደርሷል፣ የቀረው ከዚሁ መሥሪያ ቤት የሚጻፍ የሥራ ደብዳቤ ነው፣ እሱንም በሰኔ ለኤምባሲ ያቀርባል። ታምራት አዘነለት። እኔ በልቤ፣ ሆዳችንን አባብቶ ሊሸጥልን ነው አልኩ።

አለቃው ይዞ የመጣው የአረንጓዴ መኪና ቁልፍ ነበር። የአሜሪካ ሥሪት፣ ግዙፍ፣ ጎማው እስከ ወገቤ። ግርማ ቢሮ ቀረ፤ አለቃው ራሱ ከታምራት ጎን ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ። ወንዙ ዳር ወዳለ የጠጠር መንገድ ወሰደን። አረንጓዴው ጉድጓዱን ጉድጓድ አይለውም፤ ነጩ ላይ ጥርሴን ያንገጫገጨኝ ዓይነት መንገድ እዚህ ላይ ትራስ ሆነ። በጉልበትም ነጩን ያስከነዳዋል። መስተዋቱ ላይ የጥድ ሽታ ያለው ወረቀት ተሰቅሏል፤ አንድ አይደለም፣ ሦስት። ከሱ ሥር ሌላ ሽታ አለ፦ ዝናብ የመታው ጆንያ፣ ጎተራ ጥግ ተረስቶ የከረመ። ሸተተኝ። አሁንም በአፍንጫዬ ውስጥ አለ። የቀድሞው ባለቤት ውሻ ይዞበት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ጥርጣሬዬን ሁሉ ለሰዎቹ አውዬው ኖሯል፤ ለመኪናው የተረፈኝ አልነበረም።

ስንመለስ ወረቀት ለመጻፍ ተቀመጥን። አለቃው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ስልክ ያነሳል። ግርማ እስክሪብቶ አቀበለኝና፣ ፈገግ እንዳለ፣ ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ፣ «እህቴ፣ ይህን አትግዙት። ምክንያቱን ማታ ደውዬ እነግርሻለሁ» አለኝ።

ማታ ደውዬ! ወዲያው ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። የገዛ ዕቃውን አትግዙ የሚል ሻጭ የት አገር ታይቷል? ወዳጅ አለው፣ ወይም ራሱ በጎን የሚሸጣት መኪና አለችው፤ ማታ ደውሎ «የተሻለ አለኝ» ሊለን ነው፤ ድለላ ነው። የሰማናቸው ወሬዎችም ነበሩ፤ የኛ ሰው በኛ ሰው እንዲህ ሠራ፣ እንዲህ በላ፣ እየተባለ በየድግሱ ይወራል። ፈረንጅ ቢዋሸኝ ሥራው ነው እላለሁ፤ የገዛ ወገኔ በገዛ ቋንቋዬ ሊያታልለኝ ነው ስል ግን ደሜ ፈላ።

ታምራት ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አደረገኝ። አልሰማሁትም። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በእንግሊዝኛ፣ አለቃውን «ሠራተኛህ ይህን መኪና አትግዙ እያለን ነው፤ ለምንድን ነው?» አልኩት።

ግርማ አላየኝም፤ ያየው እጁ ላይ ያለውን ወረቀት ነው። ወረቀቱን በጥንቃቄ ጠርዙን አስተካክሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አለቃው ሳቀና፣ ግርማ አዲስ ሠራተኛ እንደሆነ፣ መኪና የሚሸጥ ጓደኛ እንዳለው እንደሚጠረጥር፣ ይቅርታ እንድናደርግለት ነገረኝ። እኔ በልቤ ያልኩትን ቃል በቃል መለሰልኝ። የዚያን ሁሉ ሰው ውሸት ስይዝ የኖርኩት ሴት፣ የኔን ጥርጣሬ ስለደገፈልኝ ብቻ አንዱን አመንኩት። ብልጥነቴ እንዴት እንዳኮራኝ ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

መኪናውን ገዛን። ቁልፉን ያመጣልን ግርማ ነው። ለታምራት ሰጠውና «ሲልቨር ስፕሪንግ እስክትደርሱ ሬዲዮ አትክፈቱ። ዝም ብለህ ሞተሩን አዳምጠው» አለው። ወደኔ አልዞረም። ማታ አልደወለም። ባለመደወሉም ልክ ነበርኩ አልኩ።

ታምራት ሥራውን ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ተራራው ላይ፣ ዝናብ ውስጥ፣ አረንጓዴው መጀመሪያ መብራቱ፣ ቀጥሎ ሞተሩ፣ ድርግም አለ። ታምራት ሁለት ሰዓት በእግሩ ወረደ። የመንደሩ መካኒክ ምንጣፉን ሲያነሳ ከሥሩ የደረቀ ደለል አገኘ፤ የወንበሩ ብረት ውስጥ የዛፍ ቅጠል ተጣብቆ ደርቋል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦው ሁሉ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። መኪናው ከሆነ ቦታ፣ ከሆነ ጎርፍ ውስጥ የወጣ ነበር። ዛሬ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ስልክ ላይ ሲጽፉት ታሪኩ ይወጣል ይላሉ፤ ያኔ ታሪኩን የሚያውቀው መኪናውን ሲያጥቡ ያየ ሰው ብቻ ነው። ማን እንዳየ አሁን ግልጽ ነው።

ድርጅቱ አንድ ሳምንት ጠበቀውና ሌላ ሰው ቀጠረ። ታምራት ታክሲ ያዘ፤ እስካሁንም የሚተዳደረው በመንዳት ነው። ሊሰድበኝ ይችል ነበር። እሱ ግን «ምን ታደርጊ፣ ለኔ ብለሽ ነው» አለኝ። ምነው በሰደበኝ!

አሌክሳንድሪያ ተመልሼ ሄድኩ። አለቃው የፈረምነውን ወረቀት አውጥቶ፣ መኪናው እንዳለ እንደተሸጠ የሚለውን መስመር አሳየኝ። ጮህኩ፤ ጩኸቴ የትም አልደረሰ። ስወጣ ግርማ የት እንዳለ ጠየቅኩ። እኛ መኪናውን ከገዛንበት ቀን ማግሥት ጀምሮ እዚያ እንደማይሠራ ነገረኝ። ጥርሱን እያሳየኝ ይስቃል። ያን ጊዜ ትዝ ያለኝ የሰኔው ደብዳቤ ነው። አውቶቡስ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ግርማን አዳምስ ሞርጋን የሚባል ሰፈር አየሁት። አንድ ምግብ ቤት በር ላይ የእንግዶችን መኪና እየተቀበለ ያቆማል። ያው ሰፊ ኮት ነው። ሚስቱና ልጆቹ መጥተው ይሁን አይሁን በአንድ ቃል መጠየቅ እችል ነበር። ይቅርታ ማለትም እችል ነበር። መንገድ ተሻግሬ በሌላ በኩል ሄድኩ። እስከዛሬ መልሱን አላውቅም። ያ ነጭ መኪና ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ስንት ዓመት ሲመላለስ አየነው፤ ዘይትም አላንጠባጠበም። ሽማግሌው ሞተሩን ያጠበው ንጹሕ ሰው ስለሆነ ብቻ ነበር።

እና ባለፈው ቅዳሜ፣ ብሌን «ምን አለሽ?» ስትለኝ፣ አለቃው ደግሞ አንገቱን አስግጎ መልሴን ሲጠብቅ፣ ይህ ሁሉ ባንዴ ወረደብኝ። መለወጤን እንዳታስቡ። በዚያች ቅጽበት እንኳን ልጁን ጠርጥሬዋለሁ፤ በጎን የሚሸጠው ይኖረው ይሆናል ብዬ አስቤያለሁ። ልማዴ ነው፣ አይለቀኝም።

«ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ሳይጀምር ብትሄዱ ይሻላል ነው የሚለው» አልኳት፣ አለቃውም እንዲሰማው በእንግሊዝኛ።

ብሌን በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ሰማዩ ላይ የጥጥ ያህል እንኳን ደመና የለም። ልትከራከረኝ አፏን ከፈተችና ፊቴን አይታ ተወችው። መኪናውን በሌላ ቀን እንደምናስብበት ነግረን ተነሳን። መኪናው ምን እንደነበረበት አልጠየቅኩም፤ ልጁ እውነቱን ይሁን ውሸቱን አላውቅም። ምናልባት ምንም አልነበረበትም። ጥርጣሬዬን ግን ይህን ጊዜ ለራሴ ይዤ ወጣሁ።

ልጁ እስከ መኪናችን ሸኘን። አለቃው በር ላይ ቆሞ ያየናል። ልጁ ፀሐዩን በእጁ ከልሎ ሽቅብ አየና፣ ከፍ ባለ እንግሊዝኛ «አዎ፣ ሊዘንብ ነው» አለ። ከዚያ የኔን በር ሊዘጋልኝ ዝቅ ሲል «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ» አለኝ።

ምስጋናው የሚገባው ለኔ ሳይሆን፣ ኮቱ ለሰፋው ለአንድ የፊዚክስ አስተማሪ እንደሆነ ልነግረው ፈለግኩ። አለቃው ግን እያየን ነበር። አንገቴን ነቀነቅኩለት፤ ብሌን ሞተሩን አስነሳች፤ ሬዲዮ ልትከፍት እጇን ስትዘረጋ «ሲልቨር ስፕሪንግ እስክንደርስ አትክፈቺ» ብዬ ያዝኳት።