እማ ዘይነባ በሩን የቀረቀሩበት ቀን

ባለፈው ሰሞን ሸሕዲ መናኸሪያ ሚኒባስ ስጠብቅ አንዲት ሴት የተወቀጠ የቁርቁራ ቅጠል በላስቲክ ቋጥራ አፍንጫዬ ሥር አቀረበችልኝ። ለጸጉር ነው፣ ፎሮፎር ያጠፋል አለችኝ። እኔ ያደግኩበት ሰፈር በቁርቁራ ቅጠል የሚታጠበው ሬሳ ነው። ሴትዮዋን በቁጣ መለስኳት። ምን አጠፋች? ምንም።

እማ ዘይነባ መተማ ዮሐንስ የሰፈራችን ሴቶች ሲሞቱ የሚያጥቡ ነበሩ። እናታቸው ወሎዬ፣ አባታቸው ከድንበሩ ማዶ ከገላባት የተሻገሩ ሱዳናዊ ናቸው። ረጅም፣ ጥቁር፣ የሱዳን ቶብ የሚጠመጥሙ ሴት ነበሩ፤ ምላሳቸው ግን አይጣል ነው። ልጆች ከሩቅ ስናያቸው እንደበቅ ነበር። ወሎዎቹ መውሊድ ሲያወጡ ሄደው መንዙማው ላይ ያጨበጭባሉ፣ ሲወጡ ደግሞ ድምፃችሁ የፍየል ነው ብለው ይሰድቧቸዋል። ሱዳኖቹ ዘንድ አሲዳ የሚሉትን ገንፎ በወይካ ወጥ ጠግበው ይበሉና ሴቶቻችሁ ጨው አያውቁም ይላሉ። እንዲያም ሆኖ ሁለቱም ወገን የእኛ ናቸው ይል ነበር።

ያኔ ሰፈሩ አንድ መስጊድ ነበረው። ወሎዎቹ ሲሰግዱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያጥፋሉ፤ ሱዳኖቹ ወደ ታች ይለቃሉ። አባቶቻችን እንደዚያው ጎን ለጎን ቆመው ኖሩ፣ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ከዚያ ከወሎዎቹ ወገን የአባቴ ወንድም አጎቴ ሰዒድ ከዐረብ አገር ተመለሰ። አንድ ጁምዓ ከጎኑ የቆሙትን የእናቴን አባት፣ ሱዳናዊውን አያቴን ኢድሪስን፣ በሶላት መሀል እጃቸውን ይዞ ደረታቸው ላይ አጠፈላቸው። ያላወቁ መስሎት ነው አሉ። ዕድሜ ልካቸውን የሰገዱ ሽማግሌ! አያቴ ሶላታቸውን አቋርጠው በጥፊ አሉት። ከመስጊዱ ደጅ ሁለቱ ወገኖች ዱላ ተማዘዙ። በረመዳን መንገድ ላይ የሚነጠፈው የማፍጠሪያ ምንጣፍ እንኳ ወዲህና ወዲያ ማዶ ሆነ፣ ቴምር መቀባበል ቀረ። እናቴ መሀል ላይ ቀረች፤ ባሏ ወዲህ፣ አባቷ ወዲያ።

በዚያው ዓመት፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወር፣ እናቴ በወሊድ ሞተች። ሕፃኑም አልተረፈም። እማ ዘይነባ እኔን ይዘው ገብተው አጠቧት። የቁርቁራውን ቅጠል በውሃ አሽተው ከጸጉሯ ጀመሩ፤ ያለ ስድብ ሲሠሩ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከፈኗን አልብሰው ሳይጨርሱ ውጭ ጠብ ተነሣ። አጎቴ፣ እጁን የሚለቅ ሰው ኢማም ሆኖ አይሰግድባትም አለ። የአያቴ ወገኖች ደግሞ ልጃችንን ገላባት አሻግረን እንቀብራታለን፣ ለእናንተ አንተዋትም አሉ። አባቴማ መሬት መሬት ያያል። የመተማን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ሬሳ እንዴት እንደሚያስቸኩል መንገር አያስፈልገኝም።

እማ ዘይነባ ተነሥተው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

«ሁለት ሶላት የለም» አሉ በሩን ተደግፈው። «ያጠፈውም የለቀቀውም ተቀላቅላችሁ አንድ ሰልፍ ቁሙ። ያለዚያ ይህች ልጅ እዚሁ እኔ ዘንድ ትሸታለች፤ ኀጢአቱ በእናንተ አንገት ነው።»

አጎቴ ጀናዛ ማዘግየት ሐራም ነው፣ ይክፈቱ እያለ በሩን ደበደበው። እሳቸውም ሐራሙን ከእሱ እንደማይማሩ ነግረው ስድቡን ከነዘር ማንዘሩ አወረዱበት። ቆርቆሮው ከላይ እየነደደ፣ ዝንቡ መምጣት ጀምሮ፣ እኔ የእናቴን እግር ይዤ አለቅሳለሁ። በሩን ይሰብሩታል ብዬ ነበር፤ ወይም ትተውን ይሄዳሉ። አፈር ሳትቀምስ እንደዚያ ልትቀር ነው ብዬ ፈራሁ። እማ ዘይነባም እንባቸው ይወርድ ነበር፣ ስድባቸውን ግን አላቋረጡም።

በመጨረሻ የአያቴ ድምፅ መጣ። «ዘይነባ፣ ክፈቺ። ቆመናል።»

እማ ዘይነባ በበሩ ስንጥቅ አጮልቀው አዩ። ቆመዋል፣ ግን በሁለት በኩል፣ መሀሉን ባዶ አድርገው።

«መሀሉን ዝጉት!»

ዘጉት፤ በሩም ተከፈተ። ያሰገደው አባቴ ነው። ጀርባው ወደ እኔ ስለነበር እጁን ይጠፍ ይልቀቅ አላየሁም።

ታረቁ ብዬ አልዋሽም። በማግስቱ አልተያዩም፤ ዛሬ ሰፈሩ ሁለት መስጊድ አለው። እኔም ይቅር አላልኳቸውም። ይቅር በይ የሚሉኝ ሰዎች የእናታቸውን ሬሳ ዝንብ ሲወረው አላዩም።

እማ ዘይነባ ከሞቱ ቆዩ። ዘንድሮ አጎቴ ሰዒድ ሲሞት ለቅሶ ሄጄ ከአጥሩ ሥር ቆምኩ። የአያቴ ወገኖች ሳይጠሩ መጥተው ሰልፉ መሀል ገቡ፤ ያጠፈው ከለቀቀው ጋር ትከሻ ለትከሻ። ከቀብር ሲመለሱ አንዱን ጎረምሳ፣ በሌላ ጊዜ ሰላምታ የማትሰጣጡ ሰዎች ዛሬ ምን ነካችሁ አልኩት። በጥያቄዬ ተገረመ።

«ጀናዛ ላይማ ማን ይለያያል?» አለኝ። «ከጥንትም የአገሩ ደንብ ነው።»

እማ ዘይነባን ታውቃቸዋለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አላውቃቸውም አለ።