ወተት የማይይዝ ወረቀት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ አንድ ቅጠል ወረቀት ይዞ ወደ ቤቴ መጣ። ኑሯቸው መጨናነቁን፣ ከሥራና ከትምህርት የሚተርፈው ሰዓት ሁሉ በትርፍ ጊዜ ሥራዎች መበላቱን ካስረዳኝ በኋላ፣ «አባዬ፣ የትኛው ይቀጥል፣ የትኛው ይሰረዝ፣ አንተ ፍረድልን» አለኝ። የወንዱ ልጅ ቴኳንዶ፣ የሴቷ ሥዕል፣ የእርሱ የራሱ የቅዳሜ ኳስ ተዘርዝረዋል። ከሁሉም በታች የሚስቱ ጥልፍ ሰፍሯል፤ ጥልፉ ግን ገና ሳልፈርድበት ተሰርዟል። ደሜ ፈላ። ይህ ቁጣ ግን የዚያን ቀን አልተወለደም፤ ከነገሌ ቦረና ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ነው።

አባቴ ከጉራጌ አገር ወርዶ በነገሌ ዋና መንገድ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። ደርግ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰዓታችን ከእጃችን ወጣ፤ እሑድን የቀበሌ ስብሰባ፣ አመሻሹን የመሠረተ ትምህርት፣ ጠዋቱን የውኃ ሰልፍ ወሰደው። እኔ ያኔ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከክብረ መንግሥት እንጨት ጭነው የሚመጡ ሾፌሮች የሚያቀብሉኝን መጽሐፍ ሁሉ ስለምውጥ፣ አነጋገሬም የመጽሐፍ ነበር። አባቴ በዚህ ይኮራል። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ቆጮውን በጎመን እየጠቀለለ፣

«ኑሯችንን እናቅልል» አለ። «እያንዳንዳችን ለደስታችን ብለን የያዝነው ነገር ይመዘን፤ የማይረባው ይቅር። ያነበብክ አንተ ነህና ዳኛው አንተ ሁን።»

እናቴ ለደስታዋ የያዘችው ነገር አንድ ብቻ ነበር። ጎረቤታችን አደ ሎኮ፣ በአክብሮት «አደ» የምንላቸው ዕድሜያቸው የገፋ የቦረና ሴት፣ ከሰዓት በኋላ እየመጡ ከሱቁ ጀርባ ካለው ግራር ሥር ጪጮ መሥራት ያስተምሯታል። ጪጮ ቦረናዎች ከተሰነጠቀ የቁጥቋጦ ሥር የሚጎነጉኑት የወተት ዕቃ ነው። ሥሩ የሚታጠፈው እርጥብ ሆኖ ነው፤ ከደረቀ ይሰበራል። ስለዚህ የተጀመረ ጪጮ በየቀኑ በውኃ እየራሰ እስኪያልቅ ይሠራል እንጂ አይተውም። እናቴ ሦስት ጊዜ ጀምራ አበላሽታለች። አራተኛው ወገቡ ላይ ደርሶ ነበር።

«ይሄ ጪጮ ነው ወይስ ቆብ?» ይሏታል አደ ሎኮ።

«ቆብ ከሆነ ለባሌ አጠልቅለታለሁ!» ትላቸውና ሁለቱም ይንከተከታሉ። እናቴ ቤት ውስጥ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ፍርዴን በደብተር ወረቀት ላይ፣ በቁጥር ከፋፍዬ ጻፍኩ። የእኔ ንባብ ለአገር ስለሚበጅ ይቀጥል አልኩ። አባቴ ከሾፌሮች ጋር የሚጫወተው ገበጣ ደንበኛ ስለሚያመጣ ይቀጥል አልኩ። እውነቱ ግን አባቴን ስለፈራሁ ነበር። ለእናቴ እንዲህ አነበብኩላት፦ «ከሞያሌ የላስቲክ ጀሪካን በሚመጣበት ዘመን የወተት ዕቃ መጎንጎን ጊዜን ማባከን ነው።» አባቴ በኩራት ራሱን ነቀነቀ። እናቴ ምንም ሳትል የምሳውን ሳህን አነሳች።

በማግስቱ አደ ሎኮ አንድ እቅፍ እርጥብ ሥር ይዘው መጡ። «ናጋ? አካም ቡልተ?» አሉ። እናቴ ሰላምታውን መልሳ፣ ቀና ሳትል፣ «የሮ ህን ቀቡ» አለቻቸው፤ ጊዜ የለኝም ማለቷ ነው፤ ስለ ፍርዱ ወረቀትም ነገረቻቸው። አሮጊቷ ነገሩ ሲገባቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ ኢልማ፣ ልጄ፣ አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ፣ አደ። ምክንያቱን ላስረዳዎ እችላለሁ።»

«ምክንያት ተወው። ወረቀትህ ወተት ይይዛል?»

ሥሩን ከደጃችን ጥለው ሄዱ። በዚያው ወር ድርቅ ስለበረታ ቤተሰባቸው ከብቱን ተከትሎ ወደ ያቤሎ አቅጣጫ ሄደ፤ አልተመለሱም። የሚያዝያ ዝናብ በጣለ ጊዜ እናቴ በድብቅ ጪጮዋን አውጥታ ውኃ ውስጥ ስትነክረው አየኋት። ልታጥፈው ስትሞክር ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። ስብርባሪውን ለቅማ እሳት ውስጥ ከተተችው፤ ሽሮውንም በዚያው እሳት ላይ ጣደች። እኔም ያን ሽሮ በላሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ «ለምን እምቢ አላልሽም?» አልኳት።

«አንተ መቼ ጠየቅከኝ?» አለችኝ። «አነበብክልኝ እንጂ።»

አባቴ በልጁ አፍ በሚስቱ ላይ በመፍረዱ እስከ ዛሬ እቆጣዋለሁ፤ ሞት እንኳ አላበረደልኝም። በራሴ ላይ ያለኝ ቁጣ ግን ከዚያ ይብሳል፤ አባቴ እርሳሱን ሰጠኝ እንጂ እጄን ይዞ አላጻፈኝም።

የልጄን ወረቀት አጥፌ መለስኩለት። «ይህን ጥልፍ ማን ሰረዘው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ። ምን ችግር አለው፣ አባዬ? እሷ እኮ ምንም አላለችም።»

«አዎ» አልኩት። «እናቴም ምንም አላለችም።»